ዱርቤቴ ላይ ሁለት ሽሮ!

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠረጴዛዎቹን በቁጥር የማይጠራ ምግብ ቤት አለ። የቤቱን ስም አልጽፍም፤ ወረድ ብዬ የምወቅሰው ነገር ስላለ ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። የማርቆስ ልጅ ከሆናችሁ ግን ሁለት አንቀጽ ሳታነቡ ታውቁታላችሁ።

እዚያ ቤት ጠረጴዛ 3፣ ጠረጴዛ 7 ብሎ ነገር የለም። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የጎጃም አገር ስም አለው። ስሙ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ደግሞ ስሙ ከየት እንደመጣ በሦስት በአራት መስመር ተጽፏል። አስተናጋጆቹ ትዕዛዝ የሚያስተላልፉት በዚሁ ስም ነው፣ ያውም በጩኸት። «ዱርቤቴ ላይ ሁለት ሽሮ!» «ፍኖተ ሰላም ውሃ ጨምሩለት!» «ቡሬ ሒሳብ ይፈልጋል!» መጀመሪያ የገባሁ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የትኖራ የሚባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ምግባቸው ዘግይቶባቸው ነበርና አንደኛው ወደ ኩሽናው ዞሮ «የየትኖራ በያይነት የት ኖራ ነው?» ሲል ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ይህንን መጀመሪያ ልበል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ብዙ ልነጫነጭ ነው።

ከምግቡ ልጀምር። እንጀራው አንደኛ ነው። የቢቸና ማኛ ጤፍ ነው አሉኝ፤ እኔ በዓይኔ አላየሁም፣ ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ ማታ ላይ እንኳ የማይደርቅ እንጀራ ነው። ሽሮው ወፍራም ሆኖ በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል። ጥብሱ አንዳንዴ ይጠነክራል። ጠላ አላቸው፣ ጌሾው ትንሽ በዛ ብሎብኛል። ማርና እርጎም አለ። ሳሙና ግን ሁለቱንም ጊዜ አልነበረም፣ ፈሳሽ ሳሙናው በውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ ሆኗል።

አሁን ወደ ሰሌዳዎቹ።

የመጀመሪያውን ቀን ከጓደኛዬ ጋር የተቀመጥነው ኮሶበር ላይ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ቁርጥ ወዳጅ ነው። ሰሌዳውን አንብቦ ሳይጨርስ ቁርጡ ከነአዋዜው መጣ። ለወጣት አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ የሚጠጣው ጥሬ ሥጋ በልቶ ሆዱ ውስጥ ትል ያፈራ ሰው ነበር። ትሉንም ያው የኮሶ ትል ነው የምንለው። እና ሰውዬው ኮሶ የሚል ሰሌዳ ሥር ተቀምጦ ቁርጡን እያጠቀሰ ይጎርሳል። «መድኃኒቱ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ምን ያስፈራኛል?» አለኝ።

ሰሌዳው ኮሶበርን «ኮሶ የሚሸጥበት በር» ይለዋል። እኔ አልተስማማሁም። በአገራችን የቦታ ስም ውስጥ «በር» ሲገባ ብዙ ጊዜ የከፍታ ማለፊያ ማለት ነው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚያሻግር። ኮሶ የበቀለበት ማለፊያ ቢባል ለደጋው አገር የሚስማማ ይመስለኛል። ለማንኛውም ከተማዋ ዛሬ እንጅባራ ናት፣ የአዊ ዞን ዋና ከተማ። ሰሌዳው ስሙን ኮሶበር ብሎ መጻፉን ወድጄለታለሁ፤ በካርታ ላይ እየጠፋ ያለ ስም ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ጥሩ ነው።

የዚህ ቤት ሰሌዳዎች የሚያምሩት እንደዚህ የድሮ ስም ሲያስታውሱ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ጠረጴዛ መንቆረር ይባላል። መንቆረር ማለት ራሷ ማርቆስ ናት። ከተማዋን በ1853 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው፤ ያኔ መንቆረር ነበረች። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ፣ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ሰሌዳው ይህንን በአጭሩ፣ ሳያጋንን ጽፎታል። «መንቆረር ማለት እንዲህ ማለት ነው» ብሎ ተረት አልጨመረበትም። ለዚያ ሰሌዳ ብቻ አምስት ከአምስት እሰጣለሁ።

ፍኖተ ሰላምም እንደዚያው ነው። «የሰላም መንገድ፣ ቀድሞ ውጀት» ይላል፣ አለቀ። ፍኖት በግዕዝ መንገድ ነው፤ ድሮ ለግዕዝ ተማሪ የተተወ ቃል ነበር፣ አሁን «ፍኖተ ካርታ» የማይል ባለሥልጣን ስለሌለ ሁሉም ያውቀዋል። ውጀት የሚለውን ግን ከእኛ ዕድሜ ስንቱ ያውቃል? እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ዱርቤቴ ደግሞ እንዲሁ ስትሰሙት ደም የሚያሞቅ ስም ነው። የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት። «ዱር ቤቴ» ማለት ጫካ ገብቶ ለመንግሥት ወይም ለወራሪ አልገዛም ያለ ሰው የሚለው ነው፤ አርበኞቻችንም «ዱር ቤቴ ብለው ወጡ» ይባልላቸዋል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ አባባል ነው ወይስ በቃ ዱር የነበረ ቦታ ላይ ቤት ተሠርቶ ነው? ሰሌዳው ሁለቱንም ጽፎ ምርጫውን ለእኛ ትቶታል። እንዲህ ነው እንጂ።

ችግሩ የሚጀምረው ሰሌዳ ጸሐፊው ሁሉንም ስም በአማርኛ ካልፈታሁ ብሎ ሲታገል ነው።

ሜጫ የሚለውን ተመልከቱ። «ጥንት ነጋዴዎች ጭነት የሚጭኑበት ስለነበር መጫኛ ተባለ፣ ከዚያ ሜጫ ሆነ» ይላል። ኧረ በሕግ! ሜጫ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ዓባይን ተሻግረው ጎጃም የሰፈሩት ሰዎች ስማቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ከዓባይ ማዶም ያው ሜጫ አለ። ባሶ ሊበን ስንል ሊበን የሚለውም እንዲሁ ነው። ይህን መጻፍ ምን ያስፈራል? አያቶቻችን አብረው ኖረዋል፣ ተጋብተዋል፣ ስሙ ምስክር ሆኖ ቀርቷል። ጎጃምን የሚያሳንስ ነገር የለውም። ስሙን በግድ ጭነት አሸክሞ ታሪኩን ማስጣል ግን ያሳንሳል።

የዳሞት ሰሌዳ ደግሞ «ጥንታዊ የጎጃም ስም» ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረበት፤ ምክንያቱም ይህ ስም ወንዝ የተሻገረ ስም ነው። ጥንት ዳሞት የሚባለው መንግሥት ከዓባይ በስተደቡብ ነበር። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ውስጥ ያለው ሞተለሚ የዚያ አገር ገዥ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ዓምደ ጽዮን ያስገበሩትም ያንኑ ዳሞት ነው። በኋላ ሕዝቡ በጦርነቱና በፍልሰቱ ተገፍቶ ዓባይን ወደ ሰሜን ሲሻገር ስሙም አብሮ ተሻገረ። ስለዚህ ዛሬ ደጋ ዳሞት ስንል የምንጠራው ከሩቅ የመጣ ስም ነው። ሰው ሲሰደድ ድስትና ምጣድ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ይህን በሦስት መስመር መጻፍ ይቻል ነበር፣ ከሽሮው ጋር ጥሩ ንባብ ይሆናል።

መርጡለ ማርያም ላይ ግን በእውነት ተናድጃለሁ። «አንድ ንጉሥ ቦታውን መርጦ ለማርያም ስለሰጠ መርጦ ለማርያም፣ ከዚያም መርጡለ ማርያም ተባለ» ይላል። ግዕዝ የነካካ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ መርጡል አዳራሽ መሆኑን ይነግራቸው ነበር። የማርያም አዳራሽ ነው፣ በቃ። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዝነኛውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ እንዲህ ባለ የቃላት ጨዋታ ሲቀልድበት አያምርም። የቄስ አገር ላይ ተቀምጦ ግዕዝ ማጥፋት!

ወተት ዓባይ የተሻለ ነው፣ ግማሹ። ወንዙ በክረምት አረፋ ሲደፍቅ ወተት ስለሚመስል ነው ይላል፤ ይሁን። እኔ ይበልጥ ደስ የሚለኝ ከተማዋ ያለችበትን ወንዝ ግልገል ዓባይ ማለታችን ነው። ከሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና የሚገባው እሱ ነው። ግልገልና ወተት አንድ ቦታ ሲገናኙ ስሙን ያወጣው ሰው እረኛ መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ። ዓባይ የሚለውን ራሱን «አባ» ከሚለው ነው ብሏል ሰሌዳው። እኔ ለግዕዙ አደላለሁ። ዐቢይ ትልቅ ማለት ነው፣ ዐቢይ ጾም እንደምንለው፤ ለሴት ሲሆን ዐባይ ይሆናል። ትልቋ ማለት ነው። አማርኛችን ደግሞ «አባይ» ሲል ቀጣፊም ማለት ስለሆነ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ስድቡ ለወንዙ ነው ለሰው እስኪምታታ ድረስ ይጣፍጣል። ሰሌዳው ይህን አባባል መርሳቱ ያስቆጫል። ይልቅ መጨረሻው ላይ የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ ያየው ፈረንጅ ጄምስ ብሩስ ነው ብሎ ጽፏል። ብሩስ ግሽ የደረሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 ነው። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር፣ ከ152 ዓመት በፊት! ብሩስ ይህን ላለመቀበል ሲከራከር ኖሯል፤ የማርቆስ ምግብ ቤት ለምን እንደሚያግዘው አልገባኝም። የሰከላ ገበሬ ደግሞ ሁለቱም ሳይወለዱ ከዚያ ምንጭ ይጠጣ ነበር።

ባንጃ የሚለው ጠረጴዛ ላይ ምንም ፍቺ የለም፣ ስሙ ብቻ ነው የተሰቀለው። አስተናጋጇን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ልጅቷ የእንጅባራ ናት። «እኔ ነኝ አታስጽፉ ያልኳቸው» አለችኝ። «በአማርኛ ሊፈቱት ነበር። ባንጃ ከሰባቱ ቤት አገው አንዱ ነው፣ የአባት ስም ነው፤ አያቴ ሰባቱን ወንድማማቾች ከላስታ የመጡ ብላ ነው የምትቆጥራቸው። አንከሻ፣ ዚገም፣ ኳኩራ... እነዚህን በአማርኛ ምን ልትላቸው ነው?» ልክ ነች። አዊ አገር ሄዶ ያገሩን ሰው በአገውኛ ሳይጠይቁ ስም መፍታት የሰው ቤት በር በራስ ቁልፍ ለመክፈት መሞከር ነው። ለልጅቷ ጉርሻ ጨምሬ ሰጥቻታለሁ፣ ለቤቱ አይደለም።

ሁለተኛ ቀን አጎቴን ይዤ ሄድኩ። የሞጣ ሰው ናቸው፣ ለሕክምና ማርቆስ መጥተው እኔ ጋ ነበር ያረፉት። ቀኑ ዓርብ ነው። ደብረ ኤልያስ የሚል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። አጎቴ በያይነት አዘዙ፣ እኔም እንደዚያው። ትንሽ ቆይቶ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የበግ ቅቅል፣ ከነመረቁ። አጎቴ ዓይናቸውን ሳህኑ ላይ ተክለው ዝም አሉ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

አስተናጋጁ ሮጦ መጣ። «ይቅርታ አባቴ፣ የደብረ ወርቅ ነው።»

ይኸውላችሁ ዋናው ወቀሳዬ። ቤቱ ውስጥ ደብረ ወርቅም ደብረ ኤልያስም አለ፣ ሲጣራ ደግሞ ችኮላ ላይ ሁሉም «ደብረ! ደብረ!» ብቻ ነው የሚለው። ኩሽናው የትኛው ደብር እንደሆነ በምን ይወቅ? ወደ ኋላ ዞር ስል ደብረ ወርቅ ላይ ያሉት ሰዎች የእኛን ጎመንና ምስር ግራ ገብቷቸው ያያሉ። አጎቴ ግን ሲረጋጉ ነገሩን ወደ ጨዋታ መለሱት። «ደብር ላይ በዓርብ ቅቅል!» አሉና ሳቁ። ደብር በግዕዝ ተራራ ነው፣ ገዳሙም ቤተ ክርስቲያኑም ተራራ ላይ ስለሚተከል ስሙ ወደዚያ ተሻገረ። ደብረ ወርቅ የወርቅ ተራራ ነው። ቤቱ አንዱን ደብር ቢያወርደው ጎጃም የስም ችግር የለበትም፤ ሉማሜ አለ፣ ደምበጫ አለ፣ ጂጋ አለ።

ካሳ እንዲሆን ብለው የተሻለ ቦታ እንስጣችሁ አሉን። ጥግ ላይ ያለው ሰፊ ሶፋ እናርጅ እናውጋ ይባላል፤ እሱ ግን ተይዟል። አስተናጋጁ እንደነገረን እናርጅ እናውጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ምሳ በልቶ ቡናውን እስከ ሦስተኛ ጠጥቶ ለእራት ይደርሳል፣ አይነሳም። ሰሌዳው ሁለት ባልና ሚስት «እናርጅ፣ እናውጋ» ተባብለው የሚል ደስ የሚል ተረት ጽፏል። ለሶፋው ይስማማል። ለአገሩ ግን እጠራጠራለሁ። ጎረቤቶቹን ቁጠሩ፦ እነማይ፣ እነብሴ፣ እነሴ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የሚጀምሩት። እነማይን «እናምሽ» ብሎ የፈታው የለም። እኔ «እነ እገሌ» ከምንለው ጋር የሚሄዱ ይመስለኛል፣ የእነ እንትና አገር እንደማለት።

ለማንኛውም የተዛወርነው ሁለት እጁ እነሴ ላይ ነው። አጎቴ አገራቸው ስለሆነ ፊታቸው በራ። ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ። ከስሙ ሥር ሁለት የተዘረጉ እጆች ተቀርጸዋል። ጽሑፉ፦ «የአካባቢው ሰው እንግዳን በሁለት እጁ ስለሚቀበል»።

አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እጅ ነው ጋሼ፣ ሁለት እጅ።»

«እጅማ እጅ ነው። እጅ እኮ ድርሻ ነው ልጄ! ጎንቻ ማን ይባላል? ጎንቻ ሲሶ እነሴ አይደል? ሲሶ ምንድን ነው? ከሦስት አንድ። ‹ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ› ሲባል አልሰማህም? ሲሶው ወደ ጎንቻ ከሄደ የቀረው ስንት ነው?»

«ሁለት ሲሶ።»

«ሁለት እጁ! እነሴ ተካፍሎ ሲሶው ወዲያ፣ ሁለት እጁ ወዲህ። እንግዳ መቀበሉንስ እንቀበላለን፣ እሱን ማን ከለከለ።»

እኔ ይህን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው ኖሬያለሁ። በአውቶቡስ ትኬት ላይ፣ በመታወቂያ ላይ፣ በሬዲዮ ዜና። ሁለቱ ወረዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሒሳቡን ሲነግሩኝ አንድ ቀን አልሰማኋቸውም። ሞጣ ላይ ሁለት እጁ፣ ግንደ ወይን ላይ ሲሶው። አንድ የርስት ክፍፍል በሁለት የወረዳ ማኅተም ላይ ተጽፎ ይኖራል፣ እኛ እጅ እንሥላለን።

ሒሳቡ 1,350 ብር መጣ። እኔ ኪሴ ስገባ አጎቴ እጄን ያዙ። «ዛሬ የማን ጠረጴዛ ነው?» አሉ። 900 ቆጥረው አስቀመጡ። «ሲሶውን አንተ።» 450 ከፈልኩ። ከከፈልኩት ሒሳብ ሁሉ እንደዚያ ቀን ቀለል ብሎኝ የከፈልኩት የለም።

ስንወጣ ባለቤቱን አገኘናቸው። ስለ ቅቅሉ ይቅርታ ጠየቁ፣ ደህና ሰው ናቸው። ሰሌዳውን ማን እንደጻፈው ስጠይቅ፣ አንድ ልጅ ከኢንተርኔትም ከሰውም እየለቃቀመ እንዳዘጋጀው ነገሩኝ። አጎቴ «ዋጋው ስንት ነው አንዱ ሰሌዳ?» አሉ። እንጨቱና ቅርጹ ውድ መሆኑን ሰሙና «እንግዲያው እጆቹን ተዋቸው፣ ከሥራቸው በቀለም ‹ሁለት ሦስተኛ› ብላችሁ ጨምሩበት» ብለው መከሩ። ባለቤቱ ሳቁ፣ እሺ አሉ። ይጨምሩ አይጨምሩ ገና አላየሁም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለእንጀራው አራት ተኩል፣ ለአገልግሎቱ ሁለት፣ ለሰሌዳዎቹ ሦስት። ሦስቱ ለመንቆረር፣ ለፍኖተ ሰላምና ለዱርቤቴ ነው። ዓርብና ረቡዕ የምትሄዱ ጾመኞች ደብር የሚል ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ። የግዕዝ ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከመርጡለ ማርያም ጀርባውን እንዲሰጥ አድርጉ፣ ምግቡ እንዲወርድለት። ደጀንም ይቅርባችሁ። ደጀን ማለት ጦር ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ማለት ስለሆነ ነው መሰል ጠረጴዛውን ከሁሉም ኋላ አድርገውታል፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ።